በስልክ ሪሰርች መሥራት፦ ተመራቂ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን በመጣ ቁጥር የሚጠየቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እስከ አስቸጋሪው ድረስ እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ላፕቶፕ የለኝም። የመመረቂያ ጽሑፌን በስልክ ብቻ መጨረስ እችላለሁ?

አብዛኛውን አዎ። ጽሑፍ መፈለግ፣ ማንበብ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ረቂቅ መጻፍ፣ ለአድቫይዘር መላክ፣ ይህ ሁሉ በስልክ ይሠራል። እኔ የራሴን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች የጻፍኩት ዶርም ውስጥ፣ ከላይኛው አልጋ ላይ ተጋድሜ በስልክ ነው። ከስድስታችን ላፕቶፕ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱ ጽሑፍ ነበረበት፣ ስጠኝ ማለት ይከብዳል።

በስልክ የማይሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቁጥር ትንተና ነው፤ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስልክ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው የመጨረሻው ማስተካከያ ነው፤ ማውጫ፣ የገጽ ቁጥር፣ የሠንጠረዥ አሰላለፍ በትንሽ ስክሪን ያሰቃያል። ለእነዚህ የጥቂት ቀናት የኮምፒዩተር ላብ ይበቃችኋል። ስለዚህ ላብ ስትገቡ ወረፋ ጠብቃችሁ ያገኛችሁትን ሰዓት ለንባብ አታውሉት። ንባቡን በስልክ ጨርሳችሁ ግቡ።

ምን ዓይነት ስልክ ያስፈልገኛል?

ያላችሁ ይበቃል። ስክሪኑ ካልተሰነጠቀ፣ ፒዲኤፍ ከከፈተ፣ የተወሰነ ባዶ ቦታ ካለው ሥራ ይጀመራል። ገንዘብ ካላችሁ አዲስ ስልክ ከመግዛት ይልቅ ፓወር ባንክና ሚሞሪ ካርድ ግዙ። መብራት ሲጠፋ ከዶርም ሶኬት ወረፋ የሚያድናችሁ ፓወር ባንኩ ነው።

ጉግል ላይ ስፈልግ የማይረባ ነገር ነው የሚመጣው። ከየት ልጀምር?

ከጉግል ስኮላር። ነፃ ነው፣ በስልክ ብሮውዘር ይከፈታል፣ አፕ አያስፈልገውም። ተራው ጉግል ማስታወቂያና ብሎግ ያቀላቅላል፤ ስኮላር ግን የጥናት ጽሑፎችን፣ መጻሕፍትንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ነው የሚያመጣው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉበት። ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ቃላትና የቦታ ስም ይበቃል። ተያይዘው እንዲመጡ የምትፈልጓቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ክተቱ።

አብዛኛው ተማሪ የማይነካው አንድ ቦታ አለ። ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር «ሳይትድ ባይ» የሚል ቁጥር ያለበት ጽሑፍ ታያላችሁ። እሱን ስትነኩት ያንን ጥናት የጠቀሱ ከእሱ በኋላ የወጡ ጥናቶች ይዘረዘራሉ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ በዚህ መንገድ ሌላ ሃያ ታገኛላችሁ። አድቫይዘራችሁ «ሊትሬቸርህ አሮጌ ነው» ካለ መድኃኒቱ ይኸው ነው። የጽሑፉ የማጣቀሻ ዝርዝር ወደ ኋላ ይወስዳችኋል፤ ይሄኛው ወደ ፊት።

ስለ ኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን የት አገኛለሁ?

መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኤሌክትሮኒክስ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ እዩ። የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በትምህርት ክፍል ተለይተው ይገኛሉ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ የራሳቸውን ማከማቻ እየከፈቱ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ አካዳሚክ ዲጂታል ላይብረሪም አለ። ቀጥሎ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። ጅማ የሚታተመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናልም፣ የመቀሌው ሞሞናም እዚያ አሉ።

ቁጥር ከፈለጋችሁ ከሰው ጽሑፍ ቁጥር አትቅዱ፤ ወደ ምንጩ ሂዱ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሪፖርቶቹን በድረ ገጹ ያወጣል። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ሙሉ ሪፖርት በፒዲኤፍ በነፃ ይወርዳል። የሕዝብ ቆጠራን በተመለከተ ደግሞ የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. መሆኑን አትርሱ። ከዚያ በኋላ ያለ የወረዳ የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው፤ በጽሑፋችሁም ግምት ብላችሁ ጻፉት።

በስልክ የማይገኝም ብዙ አለ። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሕግ የምታጠኑ ከሆነ ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአካል ሳትሄዱ አይሆንም። እዚያም ስልኩ ይጠቅማል፤ ግን ገጽ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የላይብረሪ ሠራተኛውን ፈቃድ ጠይቁ። ከገጾቹ በፊት ደግሞ የመጽሐፉን ሽፋንና የመለያ ቁጥሩን አንሱ። ገጹ ብቻ ከቀራችሁ ከሦስት ወር በኋላ የምን መጽሐፍ እንደነበር አታውቁትም።

ጽሑፉን ልከፍት ስል ዶላር ክፈል ይለኛል። ምን ላድርግ?

አትክፈሉ። መጀመሪያ ስኮላር ላይ ከውጤቱ ሥር «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን ንኩ። ያው ጽሑፍ በደራሲው ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ዩኒቨርሲቲያችሁ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚከፍተው የሪሰርች ፎር ላይፍ አባል መሆኑን ላይብረሪውን ጠይቁ። ሂናሪ የሚባለው የጤናው ክፍል በዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀመረ፤ አጎራ ደግሞ የግብርናው ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኩል። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። የዩዘር ኔምና ፓስዎርዱ ጉዳይ ግን የተቋሙ ስለሆነ ከላይብረሪ ነው የሚገኘው። ብዙ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ይህንን ሳይጠይቅ ይመረቃል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሄዳችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ያገኛችሁት ሠራተኛ ካላወቀ የላይብረሪውን ኃላፊ ጠይቁ።

ሦስተኛው መንገድ ለደራሲው መጻፍ ነው። ከጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ኢሜይል አለ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ጽሑፍ ለምን እንደፈለጋችሁት በአራት መስመር ጻፉ። ተመራማሪ ሥራው ሲነበብለት ደስ ይለዋል፤ ብዙዎቹ ይልካሉ። ስለ ሳይሀብም ትጠይቁኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ፣ የሚከፈልባቸውን ጽሑፎች ያለ አሳታሚዎቹ ፈቃድ በነፃ የሚሰጥ ገጽ ነው፤ አሳታሚዎች ከስሰውት በ2017 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ለአሳታሚው ኤልስቪየር 15 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶበታል። የቅጂ መብት ጥሰት ነው፣ ስለዚህ እኔ በዚያ ሂዱ አልላችሁም። ከላይ ያሉትን ሦስት መንገዶች በደንብ ከሞከራችሁ የሚቀራችሁ ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ዳታ ቶሎ ያልቅብኛል። ኔትወርክም ይጠፋል። እንዴት ልብቃቃ?

ዳታ የሚበላው ሪሰርቹ አይደለም። አንድ የጆርናል ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሜጋባይት አይበልጥም። የሚበላው ከጀርባ የሚሠራው ነው። ቴሌግራም ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ ሴቲንጉን ዝጉ። ቲክቶክና ፌስቡክ በሞባይል ዳታ ከጀርባ እንዳይሠሩ ከልክሉ። አፕ የሚታደሰው በዋይፋይ ብቻ ይሁን። ይህን ያደረገ ተማሪ በአንድ ጊጋ ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚያወርድ ሲያይ ይገርመዋል።

ማውረድና ማንበብን ለዩ። ካምፓስ ዋይፋይ ሲገኝ፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ስትገዙ፣ ማውረድ ብቻ አውርዱ። ማንበብ ያለ ኢንተርኔት ይቻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ብቻ ላይሆን ይችላል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ እዚያ የነበሩ ተማሪዎች ስልካቸው ላይ ባወረዱት ብቻ ነው የቀሩት። ያወረዳችሁትን በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ለዶርም ልጆች አካፍሉ። አንዱ ጋ ሲጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል።

ቴሌግራም ቻናል ላይ ያገኘሁትን ፒዲኤፍ መጥቀስ እችላለሁ?

ፒዲኤፉን ያገኛችሁበት ቦታ ምንጭ አይደለም። ፒዲኤፉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው ምንጩ። ማን ጻፈው፣ የት ታተመ፣ መቼ? እነዚህን ሦስቱን በመጀመሪያው ገጽ ካላገኛችሁ አትጥቀሱት። ካገኛችሁ ርዕሱን ስኮላር ላይ ፈልጉና ያው መሆኑን አረጋግጡ። በቻናል የሚዞሩ «ሃንድአውት» የሚባሉ ጽሑፎች ለፈተና ሊረዱ ይችላሉ፤ ለሪሰርች ግን ደራሲ የላቸውምና አይሆኑም።

በአማርኛ ስፈልግ ምንም አይመጣም። ለምን?

ሦስት ምክንያት አለው። መጀመሪያ ፊደላችን። «ሥራ አጥነት» በሚል የጻፈ አለ፣ «ስራ አጥነት» ያለ አለ፣ አንድ ላይ ገጥሞ «ስራአጥነት» ያለም አለ። «ኅብረተሰብ»ን ደግሞ በሦስቱም ሀ ታገኙታላችሁ። ፍለጋው ሁልጊዜ እነዚህን አንድ አድርጎ አያይም። ስለዚህ ቁልፍ ቃላችሁን በየአጻጻፉ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ፈልጉ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዱ አጻጻፍ ያላመጣውን ሌላው ያመጣል።

ሁለተኛው የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎች ደግሞ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ ጽሑፍ የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። ገጹን ስታዩት አማርኛ ነው። ፋይሉ ውስጥ ግን ያለው የላቲን ምልክት ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ስልካችሁ ተበላሽቶ አይደለም። ፍለጋውም አማርኛ መሆኑን አያውቅም። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጽሑፍ በስካነር የተነሳ ፎቶ መሆኑ ነው።

መፍትሔው በእንግሊዝኛ አብስትራክታቸው በኩል መግባት ነው፤ አብዛኛው በአማርኛ የተጻፈ ቲሲስም አብስትራክቱ በእንግሊዝኛ አለው። የቦታ ስም ላይ ተጠንቀቁ። ጎንደር በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ መቀሌም እንዲሁ። ሐዋሳን አንዱ በኤች ይጀምራታል፣ ሌላው በኤ። ሁሉንም ሞክሩ።

በዚህች ትንሽ ስክሪን አርባ ገጽ እንዴት ይነበባል?

አርባውንም አታንብቡ። አብስትራክቱን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ መደምደሚያው ዝለሉ፣ ለርዕሳችሁ የሚሆን መስሎ ከታያችሁ ዘዴውን አንብቡ። ስንት ሰው ጠየቁ? የት? እንዴት መረጡ? ይህ ካላሳመናችሁ ጽሑፉን ዝጉት። ካሳመናችሁ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሩ። በሁለት ዓምድ የተጻፈ ከሆነ ስልኩን አግድም አዙሩና አንዱን ዓምድ ብቻ አስፍታችሁ አንብቡ።

ደብተር አጠገባችሁ ይኑር፣ የወረቀት ደብተር። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ገጽ። ከላይ ደራሲ፣ ዓመት፣ የፋይሉ ስም፤ ከሥር በራሳችሁ ቃል ሦስት አራት መስመር። ስልክ ላይ ማንበብና ስልክ ላይ ማስታወሻ መጻፍን መቀያየር ሐሳብ ይበታትናል፣ ደብተሩ ግን ሁልጊዜ ተከፍቶ ይጠብቃል። ኋላ ሊትሬቸር ሪቪው ስትጽፉ ከደብተሩ ስለምትጽፉ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳታውቁት አይገባባችሁም።

ፋይል ስታወርዱ ወዲያው ስሙን ቀይሩት። ደራሲ፣ ዓመት፣ አንድ ቃል። ሲወርድ ይዞት የሚመጣው ረጅም ቁጥር ሁለት መቶ ፋይል ሲሆን ያሳብዳል።

መጠይቅ በስልክ መሰብሰብ ይቻላል ወይስ ወረቀት ይሻላል?

ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ይሻላል። ኮቦ ቱልቦክስን ተጠቀሙ። የእርዳታ ድርጅቶች መስክ ላይ የሚሠሩበት ነው፣ ለአንድ ተማሪ ጥናት የሚበቃውን ያህል በነፃ ይሰጣል። ፎርሙን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ኮቦ ኮሌክት የሚባለውን አፕ አንድሮይድ ስልክ ላይ ትጭናላችሁ፣ ፎርሙን አንዴ ታወርዳላችሁ፣ ከዚያ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ሄዳችሁ ትሞላላችሁ። ኔትወርክ ስታገኙ ይላካል።

ትልቁ ጥቅሙ ስሕተትን እዚያው መያዙ ነው። የወረቀት መጠይቅ ስንገለብጥ ዕድሜ 320 የሚል አይቻለሁ። 32 ይሁን 30 ማን ያውቃል? ሰውዬው ያሉት ሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። ኮቦ ላይ ዕድሜ ከ100 አይበልጥም ብላችሁ ካዘዛችሁት አያሳልፍም። የግድ የሚሞላውን ጥያቄ ዘልሎ አይሄድም። «አላገባሁም» ላለ ሰው «ስንት ዓመት ኖራችሁ አብራችሁ» ብሎ አይጠይቅም። በመጨረሻም ውሂቡ ለኤክሴል ወይም ለኤስፒኤስኤስ ተዘጋጅቶ ይወርዳል፤ ሦስት ሌሊት ከወረቀት መገልበጥ የለም።

የጉግል ፎርም ሊንክ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥሎ መልስ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚመልስላችሁ ስልክና ዳታ ያለው፣ ግሩፑ ውስጥ ያለ፣ ጊዜ ያለው ሰው ብቻ ነው። የካምፓስ ተማሪ አጠቃቀምን ለማጥናት ምናልባት። ስለ አርሶ አደር ወይም ስለ ጉልት ነጋዴ የሚያጠና ሰው በዚህ መንገድ የሚያገኘው ምንም የለም፣ ዲፌንስ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄም ይኸው ነው የሚሆነው።

ቃለ መጠይቅ በስልኬ መቅዳት እችላለሁ? ወደ ጽሑፍ መገልበጡስ?

ፈቃድ ካገኛችሁ ብቻ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በግልጽ አስቀምጡ፣ «ልቅዳ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ደግማችሁ ጠይቁና ፈቃዳቸው ድምፅ ላይ ይግባ። እምቢ ካሉ ስልኩን ዝጉና በደብተር ጻፉ። አሁን አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሰው ድምፅና ስም እንደ ቀልድ የሚያዝ ነገር አይደለም። ፋይሉን በሰውየው ስም አትሰይሙት፣ በቁጥር ሰይሙት። የስምና የቁጥሩን ዝርዝር ስልኩ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ ያዙ። ቀረጻን ግሩፕ ላይ መላክ ጨርሶ አይታሰብም። ስለ በሽታቸው ወይም ስለ ቤታቸው የነገሯችሁ ሰዎች እናንተን አምነው ነው።

ለመገልበጥ አንድ ዘዴ አለኝ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ በድምፅ መጻፍ ያስችላል፣ ጂቦርድ ኪቦርድ ላይ የማይክ ምልክቱን ንኩ። ቀረጻውን በቀጥታ ብታሰሙት ጫጫታውና የሁለት ሰው ድምፅ ያምታታዋል። ስለዚህ ቀረጻውን በሌላ ስልክ በኢርፎን እየሰማችሁ፣ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ድምፅ ዝግ ብላችሁ ድገሙለት። ከዚያ ቀረጻውን እንደገና እየሰማችሁ የተጻፈውን አርሙ። ከጣት ትየባ በጣም ይፈጥናል።

ስልኬ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅስ?

ቅጂ ከሌላችሁ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ይህንን የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ረቂቄን ላስረክብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬ ከኪሴ ተወሰደ። ምዕራፎቹን ማታ ማታ ለራሴ ኢሜይል እልክ ስለነበር ከጽሑፉ የጠፋ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረም። ሁለት ቃለ መጠይቆችን ግን አልላክኋቸውም ነበር። አንዷ እናት ጋ ተመልሼ ስሄድ ቡናውን አፈሉልኝ፣ ተቀምጠው ዝም አሉና «ልጄ፣ ያኔ የነገርኩህን አሁን እንዴት አድርጌ ልድገመው?» አሉኝ። አልደገሙትም። እኔም አላስቸገርኳቸውም።

ስለዚህ በየማታው ሁለት ቦታ። ጽሑፉን ጉግል ዶክስ ላይ ከጻፋችሁ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር በራሱ ይቀመጣል፤ ኦፍላይን እንዲሠራ ማብራት አትርሱ። ፒዲኤፎችን ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጡ። ቀረጻዎችን ግን በፓስዎርድ ወደተዘጋ ድራይቭ ላኩና ከስልኩ አጥፉ። የስልኩ ስክሪንም በፒን ይዘጋ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስታሳትሙ ደግሞ ኢሜይላችሁን እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ከፍታችሁ ሳትዘጉ አትውጡ፣ ፋይሉን ብቻ ላኩላቸው።

መምህሩ ስልክ ስነካ ቻት የማደርግ ይመስለዋል። ምን ልበል?

ቀድማችሁ ንገሩት። ከአድቫይዘራችሁ ጋር በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ «ላፕቶፕ የለኝም፣ የምሠራው በስልክ ነው» በሉ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ካምፓስ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚሠራው ብዙ ነው፣ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ከተናገራችሁ አስተያየቱን በፒዲኤፍ ላይ በጥቃቅን ቀለም ከማስፈር ይልቅ በድምፅ መልእክት ወይም ጉግል ዶክስ ላይ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ መምህራን ይስማማሉ።

ጽሑፌን በጥቂት ቀን እናትምልሃለን የሚል ጆርናል ኢሜይል ላከልኝ። ልላክ?

አትላኩ። እውነተኛ ጆርናል ጽሑፋችሁን ለሌሎች ባለሙያዎች ሰጥቶ ያስገመግማል፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። በቀናት የሚያትም፣ ገንዘቡን ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ስለ ግብርናም ስለ ነርሲንግም ስለ ሕግም አንድ ላይ የሚያትም ጆርናል ገንዘባችሁን እንጂ ሥራችሁን አይፈልገውም። ክፍት ጆርናል፣ ማለትም ማንም በነፃ የሚያነበው፣ ከሆነ ዲኦኤጄ በሚባለው ማውጫ ውስጥ መኖሩን በስልካችሁ ፈልጉ። የትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው የአገር ውስጥ ጆርናሎችም አሉ፤ የትምህርት ክፍላችሁን ጠይቁ።

ቻትጂፒቲ ሊትሬቸር ሪቪውውን ቢጽፍልኝ ችግር አለው?

አለው፤ ትልቁ ችግር ደግሞ መያዙ አይደለም። ቻትጂፒቲ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየሰው እጅ ገባ፤ እሱም ሌሎቹም መሰሎቹ የሌለ ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። ደራሲው እውነተኛ ሰው፣ ጆርናሉ እውነተኛ ጆርናል፣ ርዕሱ በጣም የሚያምር፣ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተጽፎ አያውቅም። አንዲት ተማሪ ያመጣችልኝን አሥራ ሁለት ማጣቀሻ አብረን ስንፈልግ አምስቱ የትም አልነበሩም። ልጅቷ አላጭበረበረችም። ያለ መስሏት ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ስኮላር ላይ ፈልጉ። ዲኦአይ የሚባለው ከ10 የሚጀምረው መለያ ቁጥር ካለው የዲኦአይን ገጽ ከፍታችሁ አስገቡት፤ ወደ ሌላ ጽሑፍ ከወሰዳችሁ ወይም ምንም ካላመጣ ማጣቀሻው የለም ማለት ነው። ጽሑፉ ቢኖርም እንኳ ሳትከፍቱ አትጥቀሱ፣ ውስጡ የሚለው ተቃራኒውን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ያልገባችሁን አንቀጽ እንዲያብራራላችሁ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስዋችሁን እንዲያርም፣ ለፍለጋ የሚሆኑ ሌሎች ቃላት እንዲጠቁማችሁ። የዩኒቨርሲቲያችሁ ደንብ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከተጠቀማችሁም ጻፉት። ሪቪውውን ግን ራሳችሁ ጻፉት። ዲፌንስ ላይ ቆማችሁ ስለ አንዱ ጥናት ስትጠየቁ የምትመልሱት ያነበባችሁትን ነው።

የማጣቀሻ አፕ የኢትዮጵያውያንን ስም ይገለብጣል። ዓመተ ምሕረቱስ እንዴት ይጻፋል?

አፑ የፈረንጅ ስም ነው የሚያውቀው። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደ ፊት ያመጣዋል። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን ዘውዴ ብሎ ይጽፋቸዋል፤ ዘውዴ ግን አባታቸው ናቸው፣ መጽሐፉን የጻፉት ባሕሩ። የእኛ ስም የሚጠራው በራስ ስም ስለሆነ በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው ሙሉ ስሙን እንዳለ መጻፍና ዝርዝሩን በራስ ስም ፊደል ቅደም ተከተል ማድረግ ነው። ዞቴሮ የሚባለውን የማጣቀሻ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙን በሁለት ሳጥን ከመክፈል ይልቅ በአንድ ሳጥን ማስገባት ይቻላል፣ ያኔ አይገለብጠውም። የትምህርት ክፍላችሁ ሌላ መመሪያ ካለው እሱን ተከተሉ፣ ግን አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያው ይሁን። አንድ ደራሲ በሁለት ቦታ በሁለት ስም ሲገባ ሁለት ሰው ይመስላል።

ዓመቱ ደግሞ የባሰ ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመን መጽሐፍ 2010 ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ብታስገቡት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አሳረጃችሁት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። የታተመበት ወር ካልተጻፈ 2017/18 ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፣ ወይም 2010 ብላችሁ ከጎኑ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስፍሩ። አፑ ይህን አያውቅላችሁም፤ ጽሑፉን ላብ ከማስገባታችሁ በፊት የማጣቀሻ ዝርዝሩን ከፍታችሁ የአገር ውስጥ ምንጮቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ እየቆጠራችሁ እዩ።